ጣት የልብ ትርታን ሲያዳምጥ

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ አዘዞ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ክፍል ልገባ ስል ልቤ ይመታል፣ እጄ በረዶ ይሆናል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሐኪም ልቤንም የእንቅርት ዕጢዬንም አስመርምሮ ጭንቀት መሆኑን ነግሮኛል። ባልደረቦቼ «በደንብ ተንፍሺ» ይሉኛል፤ እንዳሉኝ ሳደርግ ግን ጭራሽ ያዞረኛል። ባዮፊድባክ ስለሚባለው ዘዴ ሰምቻለሁ፤ መሣሪያው የሌለው ሰው ምን ያድርግ?

መልስ፦ አስቀድመው መመርመርዎ ደግ አድርገዋል፤ የእንቅርት ሆርሞን መብዛትም ሆነ የደም ማነስ ልክ እንደ ጭንቀት ልብን ቶሎ ቶሎ ስለሚያስመታ ይህ ሳይጣራ ልምምድ መጀመር አይገባም።

ባዮፊድባክ ሰውነት በውስጡ የሚሠራውን ለባለቤቱ መልሶ ማሳየት ነው። በጣት ወይም በደረት ላይ የሚደረግ መሣሪያ የልብ ምትን፣ የቆዳን ሙቀት፣ ላብን ወይም የጡንቻን መወጠር ለክቶ በስክሪን ያሳያል፤ ታካሚው ያንን እያየ አተነፋፈሱን ሲያስተካክል ምቱ ሲረግብ ይመለከታል፣ ውሎ አድሮም ያለ መሣሪያ ማድረጉን ይለምዳል።

ሲተነፍሱ የሚያዞርዎት፣ አየር በብዛትና በፍጥነት ሲስቡ በደምዎ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልኩ በታች ስለሚወርድ ነው፤ የጣት መደንዘዝም ከዚሁ ይመጣል። ባልደረቦችዎ በቅንነት ቢመክሩዎትም ዋናው ነገር ቀርቷል፤ ትንፋሹ ዝግ ማለት አለበት። በአፍንጫዎ ለ4 ሰከንድ ሳይጨናነቁ ያስገቡ፣ ለ6 ሰከንድ ቀስ አድርገው ያስወጡ፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል።

የመሣሪያውን ሥራ ጣቶችዎ ይሠራሉ። ሌባ ጣትዎንና መሀል ጣትዎን በሌላው እጅዎ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት ግርጌ በታች አሳርፈው ትርታውን ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በ2 አባዝተው ይጻፉት፤ 10 ደቂቃ ያህል እንደተባለው ተንፍሰው እንደገና ይቁጠሩ። ልብ ብለው ካዳመጡ፣ አየር ሲያስገቡ ትርታው ፈጠን፣ ሲያስወጡ ደግሞ ዘግየት ሲል ከጣትዎ ሥር ሊሰማዎት ይችላል። በእኔ እምነት ይህን አንድ ጊዜ በገዛ እጁ የዳሰሰ ሰው ከማንም ምክር ይልቅ በራሱ ትንፋሽ ይተማመናል።

ልምምዱን ግን ልብዎ በተረጋጋበት ሰዓት፣ በየቀኑ ያድርጉት፤ ክፍል በር ላይ ደርሶ የሚጀመር ልምምድ አይያዝም። ትከሻዎ ለሚወጠርበት ጊዜ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ያስተማረው ዘዴ አለ፦ ጡንቻን ለ5 ሰከንድ ያህል አጥብቆ ወጥሮ በአንዴ መልቀቅ፣ ከእግር ጀምሮ እስከ ፊት። ክፍል በሚገቡበት ማለዳም ጎረቤት ቡና ቢጠራዎ አቦሉን አሳልፈው በበረካው ይሳተፉ፤ ካፌይን ያንኑ የልብ ምት ይቀሰቅሳልና።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለውጥ ካላዩ፣ ወይም እንቅልፍዎ ከሄደና ተስፋ መቁረጥ ከመጣ፣ ሳይዘገዩ ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ፤ የንግግር ሕክምናውም መድኃኒቱም ከልምምዱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። የትርታዎን ቁጥር የጻፉበትን ደብተር ይዘው ይቅረቡ።