ከፓምፑ በፊት ውሃውን ለኩ

«ጋሼ፣ ማሳችን ከባሕሩ ብዙ አይርቅም። የጉድጓዱ ውሃ አነሰን። ትልቅ ፓምፕ እንግዛ ወይስ ጉድጓዱን እናጥልቀው?» የጠየቀችኝ በቅርቡ ከኮሌጅ የወጣች ልጅ ናት። መልሴ አጭር ነው፤ ሁለቱንም አታድርጉ። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ለሁላችሁም ልጻፍ ብዬ ነው።

ሥራ ስጀምር የተመደብኩት ዝቅ ባለ የባሕር ጠረፍ ላይ ባለ እርሻ ነበር። የማፋሰሻው ቦይ ባሕሩን የሚያገኝበት ቦታ ላይ የውሃ በር አለ። በሩን የሚጠብቁት አንድ አዛውንት ነበሩ። ባሕሩ ሲሞላ ይዘጋሉ፣ ሲሸሽ ይከፍታሉ። ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ስለሚመጣ ሥራቸው ቋሚ ሰዓት የለውም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ባሕሩ ከወትሮው ከፍ ይላል። ያን ሰሞን እዚያው ያድራሉ። ምሳቸውን እየተካፈልን ስለ ባሕሩ ያወሩኝ ነበር። ትምህርት ቤት ያልሰማሁትን ብዙ ነገር ከእሳቸው ነው የሰማሁት።

እኚህ ሰው የጉድጓዱን ውሃ በእፍኛቸው ይቀምሱ ነበር። አንድ በጋ ሊያልቅ ሲል «ውሃው ተለውጧል» አሉ። በመለኪያ አየነው፤ እውነትም ጨዉ ጨምሯል። ለአለቆች ተናገርን፣ በጽሑፍም አስገባን። ግን አዲሱ ትልቅ ፓምፕ ከተተከለ ብዙም አልቆየም፤ ምርቱም በጣም ጥሩ ነበር። ማን ይስማ?

በቀጣዩ ዓመት የባቄላው ቅጠል ከጠርዙ እየተቃጠለ መጣ። ኃላፊዎቹ «ጠምቶት ነው» አሉ። አንድ በኩል እውነት ነው። አፈሩ ጨው ሲበዛበት ሥሩ እርጥበት መሐል ሆኖ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። እነሱ ግን ያንኑ ጨዋማ ውሃ ጨመሩበት። በመደቦቹ አናት ላይ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሽንኩርቱም ተከተለ። በመጨረሻ ማሳው ተተወ፣ ሠራተኛው ተበተነ። ቀድመው ያዩት አዛውንትም አብረው ወጡ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣፋጩ ውሃ ቀለል ስለሚል ከመሬት በታች በጨዋማው ላይ እንደ ዘይት ይንሳፈፋል። በስሌቱ መሠረት ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ጣፋጭ ውሃ ካለ፣ ከወለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ፓምፑ የላይኛውን በትንሹ ሲያወርደው የታችኛው ጨው በብዙ ይነሳል። ማጥለቅ ደግሞ ራሱ ወደ ጨዉ መውረድ ነው። ጥልቀት የሌላቸው ብዙ ጉድጓዶች ቆፍሮ ከየአንዳንዱ ቀስ ብሎ መሳብ ይሻላል።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን ታምናላችሁ፣ ቦይ ውስጥ መውረድ ግን ትጠላላችሁ። ቅር ይለኛል። ደግሞ እኮ እኛ ስንት ደጅ ጠንተን የምናገኘውን የውሃ ጨው መለኪያ እናንተ በኪሳችሁ ትይዙታላችሁ። ታዲያ ተጠቀሙበት! መለኪያው የሚያነበው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው፤ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል። የውሃው ንባብ ከ0.7 ዴሲሲመንስ በሜትር (የዚሁ መለኪያ አሃድ ነው) በታች ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ከ3 ካለፈ ነገሩ ከባድ ነው። የምትለኩት በተለይ በበጋው መጨረሻ፣ ውሃው በከፋበት ጊዜ ይሁን። ሰብልም ይለያያል፤ ባቄላ ቶሎ ይጎዳል፣ ገብስና ጥጥ ግን ይችላሉ።

ንባቡ 1 የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር ከግማሽ ግራም በላይ ጨው አለው። በአንድ ወቅት 500 ሚሊ ሜትር ብታጠጡ በሄክታር ወደ 3 ቶን ጨው አስገባችሁ ማለት ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ይቀራል። ስለዚህ ተክሉ ከሚፈልገው ትንሽ ትርፍ አጠጥታችሁ ወደ ታች እጠቡት፤ መውጫ ቦይም ይኑረው። ቅድም ቀስ ብላችሁ ሳቡ ብዬ አሁን ትርፍ አጠጡ ስላችሁ እንደሚጋጭ አውቃለሁ። በየዓመቱም ያስቸግራችኋል። ዝናብ ካለ እጥበቱን ለዝናቡ ተዉት፤ ማሳውን አስተካክላችሁ በእርከን ያዙለት።

የጠብታ መስኖ ላላችሁ ደግሞ ብዙ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ጨዉ የሚከማቸው በረጠበው አፈር ዳር ዳር ነው። ካፊያ ሲመጣ ያንን ጨው ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። ስለዚህ ዘነበ ብላችሁ ወዲያው አትዝጉት፤ ደህና አድርጎ እስኪዘንብ ይፍሰስ።

ቦይ ስትቆፍሩም አፈሩን አስመርምሩ። በአንዳንድ ጠረፎች ከታች ያለው ግራጫ ጭቃ ድኝ አለበት፤ አየር ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። ያኔ ከጨዉ የባሰ ጣጣ ይመጣል። ውጤቱ እስኪመጣ ኤክስካቫተሩን አታስገቡ።