«ሎርድ ሌፍተናንት» መቶ አለቃ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የዌሊንግተንን መስፍን ደብዳቤዎች እያነበብኩ ነው። ናፖሊዮንን ያሸነፈ የጦር አዛዥ እንዴት የሃምፕሻየር «ሎርድ ሌፍተናንት» ይባላል? ማዕረጉ ተቀነሰ? ደግሞ ስለ ራሱ ሲጽፍ «መስፍኑ ሰላምታውን ያቀርባል» እያለ እንደ ሌላ ሰው ነው የሚያወራው። እባካችሁ አስረዱኝ።
(ሳውዝሃምፕተን የምትማር አንባቢያችን)

መልስ፦ እህቴ፣ ማዕረጉ አልተቀነሰም። «ሌፍተናንት» ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚመጣልን መቶ አለቃ ነው። የቃሉ ሥር ግን «በሌላው ቦታ የሚቆም» ማለት ስለሆነ የእኛው «እንደራሴ» በደንብ ይገልጸዋል። ሰውየው በካውንቲው፣ ማለትም እንደ ሃምፕሻየር ባለ የእንግሊዝ አውራጃ፣ የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ እንደራሴ ነው። ሹመቱ ከሄንሪ 8ኛ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን ደመወዝ የለውም። ዌሊንግተን ከ1820 እስከ ሞተበት እስከ 1852 (እ.ኤ.አ.) ይዞታል፤ የመጨረሻዎቹ 15 ዓመታት በቪክቶሪያ ዘመን ናቸው።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ ትኩረት ስጪ የምልሽ የዳኞች ሹመት ጉዳይ ነው። ያኔ የካውንቲ ዳኞች ደመወዝ የሌላቸው ባለርስቶች ነበሩ። በየሦስት ወሩ ተሰብስበው ክስ ይሰማሉ፤ በዚያው ድልድዩንም፣ እስር ቤቱንም፣ የካውንቲውን ግብርም ያስተዳድራሉ። ማን ዳኛ ይሁን የሚለውን ለሎርድ ቻንስለሩ (ዳኞችን ለሚሾመው የመንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣን) የሚያቀርበው ደግሞ ሎርድ ሌፍተናንቱ ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ለጎረቤቱ፣ ሌላው ለልጁ እያለ ደጅ የሚጠናው በደብዳቤ ነበር። እኔ እነዚህን ነው የምወዳቸው፣ ምክንያቱም በጨዋ ቃላት ተሸፍኖ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሚሊሺያ መኮንኖች ሹመትም በእጁ ነበር፤ ይህ በ1871 ተወሰደ። የዳኞቹ የአስተዳደር ሥራ ደግሞ በ1888 ሕግ ለተመረጡ የካውንቲ ምክር ቤቶች ተላለፈ።

«መስፍኑ ሰላምታውን ያቀርባል» የሚለው የዘመኑ ወግ ነው። ቅርበት ለሌለው ሰው እንዲህ ይጻፋል፣ ለሚያውቁት «ውድ ጌታዬ» ተብሎ በ«እኔ» ይጻፋል። ስለዚህ አጻጻፉ ሲቀየር ልብ በይ፣ ዝምድናውን ይነግርሻል። «ታዛዥ አገልጋይዎ» የሚለው መዝጊያ ግን እንደ እኛ «ከሰላምታ ጋር» ነው፤ ትሕትና ነው ብለሽ በጽሑፍሽ እንዳትተነትኚው!

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ባለሥልጣን ቤት የሚቀረው በአብዛኛው የተቀበለው ደብዳቤ ነው፤ የላከው ያለው ተቀባዩ ዘንድ ነው። ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ የጻፈውን ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፈልጊ። የቻርቲስቶች (ለሠራተኛው የመምረጥ መብት የሚታገሉ ሰዎች) እንቅስቃሴ ከበረታበት ከ1839 ብትጀምሪ ጥሩ ነው።