እንቅልፉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ለሚመጣ ሰው፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ስገላበጥ አድራለሁ። ቤተሰብ «ሰነፍ ነህ» ይለኛል። በሽታ ነው ወይስ ስንፍና?

መልስ፦ ስንፍናስ አይደለም። ጠዋት የሚቀሰቅስህ ጉዳይ በሌለበት የዕረፍት ሳምንት ራስህን እይ። 9 ሰዓት ተኝተህ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በራስህ ጊዜ ነቅተህ ጠግበህ ከተነሣህ፣ የዘገየው የሰውነትህ ሰዓት፣ ማለትም መቼ መተኛትና መንቃት እንዳለብህ የሚነግርህ የውስጥ ሰዓት፣ ብቻ ነው፤ እንቅልፍህ ደህና ነው። ያኔም እየተቆራረጠ ካስቸገረህ ግን ሐኪም ይይህ። የሰውነት ሰዓት በከፊል ከዘር ይወረሳል፤ አሜሪካዊዎቹ ሳይንቲስቶች ሆል፣ ሮዝባሽና ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት የዚህን ሰዓት አሠራር በማሳየታቸው ነው። ዕድሜም ድርሻ አለው፦ በጉርምስና እየዘገየ ሄዶ 20 ዓመት አካባቢ ጫፍ ይደርስና ቀስ እያለ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እኔም እንደዚያው ነኝ፤ አዲሱ ሥራዬ ግን 2:30 መግባት ይጠይቃል። ከነገ ጀምሮ 12 ሰዓት ተነሥቼ ፀሐይ ብሞቅስ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በራስሽ ጊዜ ከምትነቂበት 2 ወይም 3 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ የሰውነትሽ ሙቀት በጣም ዝቅ ይላል። ከዚያ በኋላ የምታገኚው ብርሃን የማታውን እንቅልፍ ያስቀድመዋል፤ ከዚያ በፊት ያገኘሽው ግን ጭራሽ ያዘገየዋል። ረፋዱ 5 ሰዓት የለመደ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ደጅ ቢወጣ ችግሩን አባሰው ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት 16 ቀን ያህል ያዢ። መጀመሪያ 4:30 ተነሺ፤ ወዲያው ደጅ ወጥተሽ 30 ደቂቃ ቆዪ። በየሁለት ቀኑ 30 ደቂቃ እየቀነስሽ 1 ሰዓት ድረሺ። መስኮት ሥር መቀመጥ አይተካውም፦ በክረምት ደመና እንኳ የደጅ ብርሃን በሺዎች የሚቆጠር ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ሲሆን የቤት አምፖል ከጥቂት መቶ አያልፍም። ከመኝታሽ 2 ሰዓት ቀድመሽ የጣሪያውን አምፖል አጥፊ። እሑድ እስከ 6 ሰዓት ከተኛሽ ግን የሳምንቱ ልፋት ፈረሰ፤ ከመነሻሽ ከአንድ ሰዓት በላይ አታሳልፊ።

ጥያቄ፦ ቡና፣ ጫት፣ የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው የሜላቶኒን ክኒንስ?

መልስ፦ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣኸው ቡና ግማሽ ያህሉ ካፌይን ማታ 4 ሰዓት ገና ከሰውነትህ አልወጣም። ከሰዓት በኋላ ቡና ከተጠራህ አቦሉን አሳልፈህ በረካውን ቅመስ፤ ቀጠን ይላል። ጫት እንቅልፍን ያርቃል፤ ጨብሲው (ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ) ደግሞ ቶሎ ያስተኛና ሌሊት ይቆራርጣል። ሜላቶኒን ከወሰድክ ሐኪም ጠይቀህ ይሁን፤ ሰዓት ለማስቀደም 0.5 ሚሊግራም ይበቃል፣ የሚወሰደውም ከተለመደው እንቅልፍህ 5 ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው። መኝታ ላይ 10 ሚሊግራም መዋጥ ለዚህ ጉዳይ አይረዳም።

ጥያቄ፦ ደንበኞቼ ኒው ዮርክ ናቸው፤ ሌሊት ሠርቼ ስተኛ የሰፈሩ ጩኸት ያስነሣኛል።

መልስ፦ አስቀድመህ ሰዓቱን ያዝ። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ እነሱ ይቀይራሉ። የእነሱ ከጠዋቱ 9 እስከ 5 በክረምታቸው ለአዲስ አበባ ከ11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ነው፤ ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ግን ከ10 እስከ እኩለ ሌሊት። ለውጡ አራት ቀን ሲቀረው በየቀኑ 15 ደቂቃ አስጠጋ።

መስታወቱ ላይ ፎይል በፕላስተር ለጥፍ፣ በላዩ ጥቁር ጨርቅ ጣል፣ የበሩን ሥር በፎጣ ዝጋ። እጅህ ከታየህ ገና አልጨለመም። ሰው የሚነቃው በድንገተኛ ድምፅ ነው፤ የ«ቆራሌው» ጥሪ ከወጥ ጩኸት ይብሳል። ቬንትሌተር ከፍተህ ብትተው ይሸፍነዋል። የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ከሆነ በጣትህ አሽተህ አቅጥነው፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበህ ክተተው፣ እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል ያዘው። «አይሠራም» የሚሉት ግማሹን ውጭ የሚተዉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል። ዘመድ ሲመጣ አለመቀስቀሴ ነውር ሆነብኝ፤ ለቅሶ ሲኖርስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ለሰላምታ ብለው አይቀስቅሱት። ቀን የተቋረጠ እንቅልፍ እንደ ሌሊቱ ቶሎ አይመለስም፤ የሰውነት ሰዓት ንቃ የሚልበት ጊዜ ነውና። ለእንግዳው «ተኝቷል» ብቻ ካሉት ሰነፍ ይመስለዋል፤ «የሌሊት ተረኛ ነው» ይበሉት። የዘበኛና የነርስ የቀን እንቅልፍ ይከበር የለ? የእሱም ያው ነው። ለቅሶ ግን አይቀርም። ቀብሩ 8 ሰዓት ከሆነ 6:30 ላይ ይቀስቅሱት፤ ሲመለስ ከሥራው በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጋደም ይበል።