ኮኬ እብጠት አወጣ፤ ዚንክ ልርጭ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ በግቢዬ ችግኝ አፍልቼ እሸጣለሁ፤ የሚበዛው ኮክና ጽጌረዳ ነው። ዘንድሮ ያዳቀልኳቸው ከአፈሩ ከፍ ብሎ አንገታቸው ላይ እንደ እንጨት የጠነከረ እብጠት አወጡ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ «ባክቴሪያ ነው፤ የበሽታውን ዘረመል የሚቆጣጠር ዚንክ ያለው ፕሮቲን አለው» አለችኝ። እኔም ዚንክ ማዳበሪያ ልገዛ ስል ሻጩ «ጎበዝ፣ ቶሎ ይርጩ» አለኝ። ከዚሁ ግቢ ጽጌረዳ ወስዳ ድሬዳዋ የተከለችው እህቴ ግን እብጠት የሚባል አላየችም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ ብርዎን ያቆዩት። ልጅዎ ያለችው ልክ ነው፤ ሻጩ ያለው የሚጠቅመው ራሱን ነው።

እንደ ገለጹልኝ ከሆነ ይህ የአግሮባክቴሪየም ቱመፋሺየንስ ሥራ ይመስላል። ባክቴሪያውን ከእብጠቱ ጋር ያገናኙት ስሚዝና ታውንሴንድ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፣ በ1907 እ.ኤ.አ.። ይህ ፍጡር ተክሉን አያበሰብስም፤ ከራሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ወስዶ ተክሉ ሕዋስ ውስጥ ያስገባና ተክሉ ራሱ እብጠቱን እንዲሠራለት፣ ቀለቡንም እንዲያዘጋጅለት ያደርጋል። ድፍረቱን ይዩልኝ!

ቁስል በሌለበት አፈር ውስጥ ግን ለዚህ ሁሉ ቢዘጋጅ ድካሙ በከንቱ ነው። ስለዚህ ሮስ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለው። ሮስ ቫይር ሲ እና ቫይር ዲ የተባሉት የዘረመል ምድቦች መነሻ ላይ ተቀምጦ እንዳይነበቡ ያግዳል። ቁራጩን ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ቆርጠው የሚያወጡት ከቫይር ዲ የሚገኙት ፕሮቲኖች ናቸው። ደንገጎን በጭነት መኪና የወረደ ሰው ሮስን ለመረዳት አይቸገርም፤ ፍሬን ነው። የሚለቀቀው ደግሞ ተክሉ ሲቆስል ነው። የተቆረጠ ተክል አሴቶሲሪንጎን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣል፤ ቫይር ኤ የተባለ ፕሮቲን ይህን ሲያውቅ ቫይር ጂ የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ያነቃል፣ ቫይር ጂም ሮስ በያዘው ስፍራ ተሻምቶ ዘረመሎቹን ያስነሳል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሮስ ሌላው ሥራ ነው። ወደ ተክሉ በሚሻገረው ቁራጭ ላይ አይፒቲ የሚባል ዘረመል አለ፤ ሳይቶካይኒን የተባለውን የተክል ሆርሞን የሚያሠራው እሱ ነው። ባክቴሪያው ውስጥ እያለ ሮስ ዝም ያሰኘዋል። ተክሉ ውስጥ ሲገባ ግን የሚያግደው ሮስ የለም፤ ሆርሞኑ ይመረታል፣ ሕዋሳቱም ያለ ልክ ይባዛሉ።

ዚንኩስ? ሮስ ውስጥ አንዲት የዚንክ አተም ሲስቲንና ሂስቲዲን በተባሉ የፕሮቲን መገንቢያዎች፣ ከየዓይነቱ በሁለት በሁለቱ፣ ተይዛ የፕሮቲኑን እጥፋት ታጸናለች፤ ዲኤንኤውን የሚጨብጠው ያ እጥፋት ነው። እንዲህ ያለው አያያዝ በ1985 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ፕሮቲን ላይ ከታወቀ በኋላ ባክቴሪያ ውስጥ የለም ተብሎ ነበር፤ በ1998 ሮስ ያን አስቀረ። ነገር ግን ማሳው ላይ ዚንክ ስለ ጨመሩ ሮስ አይበረታም፤ የሚያስፈልገው ያቺው አንዲት አተም ናት። ሜሶራይዞቢየም ሎቲ በተባለ ሌላ ባክቴሪያ የሚገኙ አንዳንድ ዘመዶቹማ ያለ ዚንክም ይታጠፋሉ። ዚንክ ማዳበሪያ ዚንክ ላነሰው አፈር ነው።

ደግሞም እብጠቱ አንዴ ከወጣ ዘረመሉ ተክሉ ጋ ነው፤ ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ማደጉን አይተውም። ስለዚህ ያበጡትን ከነሥራቸው ነቅለው ያቃጥሉ፤ ያሳዝናል፣ ግን አይሽጧቸው። ቢላዎንና መቀስዎን ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በውሃ የቀጠነ በረኪና ውስጥ ይንከሩ፤ ብረቱን ስለሚበላው ማታ አጥበው ዘይት ይቀቡት። ሲኮተኩቱ አንገቱን አይንኩ። መደቡ ላይ ለጥቂት ዓመታት ማሽላ ወይም በቆሎ ይዝሩ፤ እነሱን ይህ በሽታ በተፈጥሮ አይዛቸውም። ኬ 84 የሚባል ጉዳት የሌለው ዘመድ ባክቴሪያ አለ፣ በሌላ አገር ችግኝ ከመተከሉ በፊት ይነከርበታል፤ የሚረዳው ግን ገና ላልተያዘ ብቻ ነው።

የእህትዎ ነገር ደስ ይላል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ባክቴሪያው እብጠት የማውጣት አቅሙ ይደክማል፤ 32 አካባቢ ቫይር ኤ ራሱ ሥራውን ያቆማል። የድሬ ፀሐይ ረድቷት ይሆናል። ባክቴሪያው ግን ሥሩ ላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ከዚያ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ ቆርጣ ወደ ሐረር እንዳትልክልዎ ዛሬውኑ ይደውሉላት።