የአንባብያን ጥያቄ፦ የኢገን ሐይቆችና ልጆቻችን

ጥያቄ፦ ቤተሰባችን በቅርቡ ወደ ኢገን፣ ሚኒሶታ ተዛውሯል። ልጆቼ በሌባነን ሂልስ መናፈሻ ባለው ሐይቅ ካልዋኘን፣ ዓሣም ካላጠመድን እያሉ አስቸግረውኛል። እኔ ዋና አልችልም። መግቢያው ይከፈልበታል? ፈቃድስ ያስፈልጋል? በብርዱ ወራት በረዶው ላይ መሄድስ ያሰጋል?

መልስ፦ መናፈሻውን የሚያስተዳድረው ዳኮታ ካውንቲ ሲሆን መግቢያው በነጻ ነው። ወደ 2,000 ኤከር የሚጠጋው ይህ ስፍራ ኢገንንና አፕል ቫሊን አካልሎ የተዘረጋ ነው፤ ለዋና የተዘጋጀው አሸዋማ ዳርቻም በሹልዝ ሐይቅ ይገኛል። በአቅራቢያው ያለው የፎርት ስኔሊንግ የስቴት መናፈሻ ግን የተሽከርካሪ ፈቃድ ይጠይቃል።

ይበልጥ ሊያስቡበት የሚገባው ስለ ውሃው ነው። የአካባቢው ሐይቆች ብዙዎቹ የጥንቱ የበረዶ ግግር ሲያፈገፍግ አፈር ውስጥ ተቀብረው የቀሩ የበረዶ ክምሮች ቀልጠው የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው። ስለዚህ ወለላቸው በድንገት ሊጠልቅ ይችላል፤ ውሃው ከደፈረሰ ደግሞ ወገቡ ድረስ የገባ ልጅ እግሩ የት እንዳረፈ ከላይ ሆኖ ማየት ያስቸግራል። በብዙ የሐይቅ ዳርቻዎች የነፍስ አድን ሠራተኛ ስለማይኖር፣ ዋና የሚችል አዋቂ አብሯቸው ውሃ ውስጥ ሳይገባ ልጆቹን እንዳይለቋቸው አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በአየር የሚነፋ ቀለበት መጫወቻ እንጂ ከመስጠም የሚያድን መሣሪያ አይደለም፤ በልካቸው የተሠራ፣ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ያጸደቀው ላይፍ ጃኬት ይግዙላቸው። በስቴቱ ሕግ ዕድሜው ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በምትንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። ዋና እስኪማሩ ድረስ ከተማው የሚያስተዳድረው፣ በክፍያ የሚገባበት የካስኬድ ቤይ የውሃ መዝናኛ ይሻላል ባይ ነኝ።

በሞቃታማ ቀናት የሐይቁ ገጽ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት መስሎ ካዩት አይግቡ፤ ውሻም ይዘው ከሆነ እንዳይጠጣ ይከልክሉት። ዝናብ ከየመንገዱና ከየጓሮው ጠርጎ የሚያመጣው ቅጠል፣ የታጨደ ሣርና አፈር ፎስፈረስ ይዞ ሐይቅ ሲገባ አልጌ ይራባል፤ ከዓይነቶቹም መርዝ የሚያመነጩ አሉ። ሚኒሶታ ፎስፈረስ ያለበትን የሣር ማዳበሪያ ከ2005 ጀምሮ በመላው ስቴት የገደበችውም ለዚህ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስትም በባክቴሪያ ምክንያት ዳርቻዎች ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳያነቡ አይግቡ።

ዓሣ ለማጥመድ ነዋሪ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጆች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም፤ እርስዎ ግን መንጠቆ ከጣሉ ያስፈልግዎታል። በነዋሪ ዋጋ ለመግዛት በስቴቱ 60 ቀን መኖር ይጠበቅብዎታል። በቁጥርና በመጠን ላይ ያለው ገደብ ልጆችንም ይመለከታል።

በረዶን በተመለከተ፣ የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ የሚመክረው ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረት ያለው አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ነው፤ ነጣ ያለው ደካማ ስለሆነ እጥፍ ውፍረት ያሻዋል። ጎረቤት ስለሄደበት ብቻ አይከተሉ፤ ውሃ በሚገባበትና በሚወጣበት አካባቢ በረዶው ስስ ነው። ልጆቹ መንሸራተት ከፈለጉ፣ ከተማው በየመናፈሻው ሜዳ ላይ ውሃ አፍስሶ እያቀዘቀዘ የሚያዘጋጃቸውን መንሸራተቻዎች ይምረጡ።