ለአባታችሁ ምስክር ሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ጎንደርና ዙሪያዋ ላላችሁ፣ ፊደል ያልቆጠረ አባት ወይም አያት «ና እስቲ ይህን አንብብልኝ» ለሚላችሁ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አዲስ የጤና ጥናት ሲጀምር ተሳታፊው የሚፈርምበት የስምምነት ወረቀት ዞሮ ዞሮ እናንተ እጅ ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተሳታፊው ማንበብ ካልቻለ በአውራ ጣቱ ያትማል። ከጎኑ ደግሞ ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ፣ ማንበብ የሚችል ሰው በምስክርነት ይፈርማል። ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከቤቱ የተማረው ልጅ ነው። ፊርማችሁ «አባቴ እሺ ብሏል» ማለት ብቻ አይደለም። ሁሉም ተነግሮታል፣ ገብቶታል፣ ማንም አላስገደደውም ማለት ነው። ፍርድ ቤት እንደ መቆም ቁጠሩት።

ጥናት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ጥያቄ ብቻ ነው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዳባት ወረዳ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ይመዘግባል። የመረጃ ሰብሳቢው የመጀመሪያ ፈተና ዕድሜ ነው። «እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» ሲላቸው «እንጃ ልጄ፣ በ77 ድርቅ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር» ይሉታል። ከዚያ ተነስቶ ያሰላል። ቤቱ ሰው ሞቶበት ከሆነ ደግሞ ትኩሳት ነበረው ወይ፣ ስንት ቀን አሳለው፣ እግሩ አብጦ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሐኪም ያላየው ሞት ምክንያቱ የሚገመተው ከዚህ ነው። ቡናው እስኪፈላ ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል ልጅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንዲህ ያለ ጥናት አካል አይነካም። የሚያሰጋው የቤት ሚስጥር መውጣቱ ነው። ስም በቁጥር ተተክቶ እንደሚቀመጥ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

መድኃኒት የሚሞከርበት ጥናት ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ።

ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ ጎረምሳ ትኩሳቱ አልለቅ ሲለው፣ ሰውነቱ ሲከሳ፣ ሆዱ በግራ በኩል ሲነፋ ካላዛር የሚባለውን በሽታ እንጠረጥራለን። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፤ ቀን በመረሬ መሬት ስንጥቅ ውስጥ ትደበቃለች። ካልታከመ ይገድላል። ድሮ ሕክምናው 30 ቀን ሙሉ መርፌ ነበር፤ መድኃኒቱም ልብና ቆሽት ይጎዳል። ኋላ በምሥራቅ አፍሪካ በተሠራ ጥናት ሁለት መድኃኒት ሲጣመር 17 ቀን እንደሚበቃ ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መከረ። ቀጥሎ ጎንደርም በተሳተፈችበት የአራት አገር ጥናት፣ በ439 ሕሙማን ላይ፣ አንዱ መርፌ በሚዋጥ መድኃኒት ተተካና ሕክምናው 14 ቀን ሆነ። ውጤቱ ከ17 ቀኑ ጋር ተቀራራቢ ነው። አሁን የሚፈለገው ጭራሽ መርፌ የሌለው፣ በአፍ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ወደፊት የሚመጡት ጥናቶች አንዱ አቅጣጫም ይኸው ነው። ቀኑን ያሳጠሩት እሺ ብለው የገቡ ቆላ የወረዱ ልጆች ናቸው።

ማን አዲሱን፣ ማን የተለመደውን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚለየው በእጣ ነው። ሰው የሚደነግጠውም «እጣ» ሲባል ነው። «በሰው ነፍስ እጣ ትጥላላችሁ?» ተብዬ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አዲሱ መድኃኒት ይሻል እንደሆነ ገና ማንም አያውቅም የሚል ነው፤ ቢታወቅማ ሙከራ ለምን ያስፈልጋል? ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ሳያስበው ጠንከር ያለውን በሽተኛ ለአዲሱ ይመድብና ውጤቱ ይዛባል። ዘመዱንም ይለይ ይሆናል፤ እኛ አገር ይህ አይጠፋም። ስለዚህ ኮምፒውተር ይመድባል። እንደ ካላዛር ባለ ገዳይ በሽታ አዲሱ ያልደረሰው ሰው ባዶ እጁን አይቀርም፤ የተለመደውን ሕክምና ያገኛል። ይህ ወረቀቱ ላይ መጻፉን እዩ።

ደም ሲወሰድም ወሬው ብዙ ነው። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፤ ተሸጦ የሚያከብር ደም አይደለም። ናሙናው ወዴት ይሄዳል? እስከ መቼ ይቀመጣል? ለሌላ ጥናት ይውላል ወይ? ይህን መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

«አበል አለው ወይ?» የምትሉም አትጠፉም፤ አልፈርድባችሁም። ትራንስፖርትና የባከነ የሥራ ቀን ሊካካስ ይችላል። ከዚያ ያለፈ ጠቀም ያለ ብር ከቀረበ ግን ጠርጥሩ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከሜዳ አልመጣም። አሜሪካ፣ ቱስኪጊ ላይ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች እውነቱ ሳይነገራቸው ተጠንተዋል። ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ዛሬ እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ጥናት በሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቅ አለበት። የመድኃኒት ሙከራ ሲሆን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ይጨመርበታል።

ወረቀቱን አንብባችሁ ስትጨርሱ አባታችሁን «እስቲ ምን አሉን?» በሏቸው። በራሳቸው አፍ ካልደገሙት አልገባቸውም ማለት ነው፤ «ነገ እንመለሳለን» ብላችሁ ውጡ። ነጭ ጋውን ፊት እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ አባቶቻችን «እርስዎ እንዳሉ» ብለው ይቀመጣሉ። እንግዲህ ንገሯቸው፦ እምቢ ቢሉ ወይም ገብተው በማግስቱ ቢወጡ የተለመደው ሕክምናቸው አይከለከልም። የወረቀቱን አንድ ቅጂ ተቀበሉ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ስልክ እዚያው ላይ መኖር አለበት፤ ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ።