ስለ ጭራቆችና መናፍስት ለጠየቃችሁኝ

ከየአገሩ አፈ ታሪክ ስለሚወጡ ፍጥረታት ያሻችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። «አለ ወይስ የለም?» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። እኔን የሚስበኝ ሰዎቹ ምን አይተው እንዲህ አሉ የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ከመቃብር ተነስቶ የሰው ደም ይመጣል የሚባለው ቫምፓየር የፊልም ፈጠራ ነው ወይስ ድሮም ሰው ያምንበት ነበር?

መልስ፦ በደንብ ያምንበት ነበር፤ ያውም በመንግሥት ሰነድ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ1725 በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሰርቢያ ፔታር ብላጎዬቪች የሚባል ሰው ይሞታል። ከቀብሩ በኋላ የመንደሩ ሰዎች በላይ በላዩ መርገፍ ጀመሩ። ሊሞቱ ሲሉ «ፔታር ሌሊት መጥቶ አነቀኝ» አሉ ተባለ። መንደርተኛው አንድ የኦስትሪያ ሹም ባለበት መቃብሩን ከፈተ። ሬሳው አልፈረሰም። ጥፍሩ ያደገ ይመስላል፣ ቆዳው አዲስ ነው፣ አፉ ላይ ደም አለ። በቃ፣ እንጨት አሹለው ደረቱን ወጉትና አቃጠሉት። ሹሙ ያየውን ጽፎ ለአለቆቹ ላከ፤ ወሬው ቪየና ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጣ።

ሰዎቹ አልዋሹም። ሬሳ ሲፈርስ ውስጡ በጋዝ ይሞላል። ሆዱ ይነፋል፤ ጠቆር ያለ ፈሳሽም በአፍና በአፍንጫ ይወጣል። ቆዳ ሲሸሽ ጥፍር የረዘመ ይመስላል። የላዩ ሲላጥ ደግሞ ከሥሩ ያለው አዲስ ቆዳ ይመስላል። የተቀበረ ሬሳ አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይበል? እ.ኤ.አ. በ1755 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ሐኪማቸው ጌራርድ ፋን ስቪተን ነገሩን እንዲመረምር አዘዙ። ከዚያ ወዲህ በቫምፓየር ስም ሬሳ ማውጣትና ማቃጠል ተከለከለ።

ጥያቄ፦ ሌሊት እነቃለሁ፣ ግን እጄን ማንሳት አልችልም። የሆነ ጥቁር ነገር ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ዱካክ ነው ይሉኛል። ሌላው ዓለምም ይህ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ እንጂ! አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ አንዲት አሮጊት ናት መጥታ ደረት ላይ የምትቀመጠው። ብራዚሎች ደግሞ ፒሳዴይራ የምትባል ጥፍረ ረጅም፣ ከሲታ ሴት አለቻቸው። ጣሪያ ላይ አድፍጣ ትጠብቅና ጠግቦ በጀርባው የተኛውን ሰው ደረቱን ትረግጠዋለች። ጀርባ ላይ የሚለውን ልብ በይ፤ ነገሩ በእርግጥም በጀርባ ሲተኙ ይበዛል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ አለዚያ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንዴ እስሩ ሳይፈታ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል። ዓይንሽ ክፍሉን ያያል፣ ሕልሙ ግን አላበቃም፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ሰው ታያለሽ። በጥልቀት ልተንፍስ ስትዪ ደረትሽ እሺ አይልም፤ የሚጫንሽ ያ ነው። እንቅልፍ ማጣትና የመኝታ ሰዓት መዛባት ያብሱታል። ከተመላለሰብሽ ሐኪም አማክሪ።

ጥያቄ፦ ባለ አንድ ዓይኑ የግሪክ ግዙፍ ሰው ከየት መጣ?

መልስ፦ ኦቴኒዮ አቤል የሚባል ኦስትሪያዊ የቅሪተ አካል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1914 ያነሳው ሐሳብ አለ። ሲሲሊ ደሴት ላይ ድሮ ድንክ ዝሆኖች ነበሩ፤ የራስ ቅላቸው በየዋሻው ተገኝቷል። የዝሆን ራስ ቅል ፊት ለፊቱ ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለው፤ ኩንቢው የሚወጣበት ነው። የዓይኖቹ ቦታ ወደ ጎን ስለሆነ ቶሎ አይታይም። ዝሆን በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ መርከበኛ ያንን ቅል ሲያነሳ አስቡት። ማረጋገጫ ባይኖረውም እኔ ግን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሴት ግማሽ ዓሣ የሆነችውን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?

መልስ፦ ኮሎምበስ! እ.ኤ.አ. በጥር 1493 በካሪቢያን ሦስት አይቻለሁ ብሏል፤ እንደሚሳሉት ቆንጆ እንዳልሆኑም ተመዝግቦለታል። ያያቸው ማናቲ የሚባሉ ወፋፍራም የባሕር እንስሳት ሳይሆኑ አይቀሩም። ቅር ቢለው አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ የኔሲ ፎቶ አለ አይደል? ፎቶ ይዋሻል እንዴ?

መልስ፦ ይዋሻል። ኔሲ በስኮትላንዱ ሎክ ኔስ ሐይቅ ውስጥ ይኖራል የሚባለው ግዙፍ ፍጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ተነሳ የተባለው ዝነኛ ፎቶው የመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ አንገት ተቀጥሎ የተሠራ ነው። ምስጢሩ ይፋ የወጣው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች የሐይቁን ውኃ ቀድተው ዲኤንኤ ፈለጉ። የግዙፍ ተሳቢ ዲኤንኤ የለም። እባብ የሚመስለው የኢል ዓሣ ዲኤንኤ ግን እንደ ጉድ ነው።

ጥያቄ፦ ራሱ ላይ ውኃ የሚሸከም ጭራቅ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ ቀልድ ነው?

መልስ፦ ቀልድ አይደለም፣ የጃፓኑ ካፓ ነው። ቁመቱ የልጅ ያህል ነው፤ ወንዝ ውስጥ ይኖራል፤ ሰውም ፈረስም ጎትቶ ያሰጥማል። አናቱ ላይ ውኃ ያለበት ጎድጓዳ ነገር አለ፤ ኃይሉ እዚያ ነው። ደግሞ ጨዋ ነው። እጅ ከነሳኸው አጸፋውን ሳይመልስ አይቀርም፤ ጎንበስ ሲል ውኃው ይፈስና አለቀለት! ኪያር ነፍሱ ነው። እስከ ዛሬ በጃፓን ኩሬ ዳር «አደገኛ ነው» የሚሉ ምልክቶች ላይ ሥዕሉን ታገኛለህ፤ ልጆች ከጽሑፉ ይልቅ እሱን ይፈራሉ።

ጥያቄ፦ ከሁሉም አንተን የሚያስፈራህ የትኛው ነው?

መልስ፦ የሩሲያዋ ባባ ያጋ። በዶሮ እግር በቆመች ጎጆ ትኖራለች፣ አጥሯ የሰው አጥንት ነው፣ በሙቀጫ ተቀምጣ ትበራለች። ይህ ሁሉ ምንም አይደል። የሚያስፈራኝ ጠባይዋ ነው። አንዱን ተረት ብትሰሙ ልጅ ጠብሳ ልትበላ ትነሳለች፤ በሌላው ደግሞ የእንጀራ እናቷ ልጆች እሳት አምጪ ብለው የላኳትን ቫሲሊሳን ሥራ ታሠራትና እሳቱን ሰጥታ ትሸኛታለች። በሯን ስታንኳኳ የትኛዋ እንደምትከፍትልህ አታውቅም።